ውርጭ ያልነካው ግንብ

«ክፈት አልኩህ እኮ። ሰውዬው እንደሆነ ሞቷል፤ በር ስለተዘጋ አይነሣም።»

«መክፈቱ አልከበደኝም፣ ጌታዬ። መዝጊያው ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው። ከከፈትኩት እግራቸውን ጠርጎ ይወስደዋል።»

«እንግዲያው እግሩን ወዲያ በልልኝ።»

«እርስዎ ወዲያ ይበሉት። እኔ የሸንጎ ሹም ሬሳ አንቀሳቅሼ ሁለተኛው ታሳሪ መሆን አልፈልግም።»

ከመዝጊያው ማዶ ገበያተኛው ከንጋት ጀምሮ ተኮልኩሎ ቆሟል። አንዲት ሴት በጡጫዋ ሣንቃውን ትደበድባለች። «አንተ ሎፔ፣ ሚስትህ ነች አልነሣም ያለችህ? ጎመኑ እኮ ጀርባችን ላይ ደረቀ።»

«ዝም በይ፣ ሰው ሞቷል እያሉ ነው» አላት ሌላ ድምፅ።

«ጎመኑን የምሸጠው ላልሞቱት ነው።»

መርማሪው ኢልያን ድልድዩን አጋምሶ ሲመጣ ይህን ሁሉ ሰማ። አልቸኮለም። ሃምሳ ዓመቱ ነው፤ በውርጭ ወራት ጉልበቱ አይታዘዘውም። የፔኛልታ ከተማ ዳኛ እግራቸው አብጦ አልጋ ላይ ከዋሉ ወዲህ፣ ሰው በሞተ ቁጥር የሚላከው እሱ ነው። እንዲህ ሲላክ አሥራ አምስት ዓመት ሆነው።

የተጨቃጨቁት የሸንጎው አባል ዶን ሱዌሮና የድልድዩ በረኛ ሎፔ ነበሩ። ዶን ሱዌሮ የቀበሮ ቆዳ ካባቸውን እስከ ጆሯቸው ስበው ይንጎራደዳሉ። በመካከላቸው፣ በአዲሱ ማማ ሥር፣ ዶን ቴዮ በደረቱ ተደፍቶ ተኝቷል። ዶን ቴዮ የሸንጎው የግንብ ሥራ ተቆጣጣሪ ነበር። አንገቱ ወደማይዞርበት ዞሯል። ጥቁር ካባው ላይ አመዳይ ወርዶበት ጀርባው እንደ ዱቄት ነጥቷል።

ከሬሳው አሥር እርምጃ ርቆ፣ በቅሎ በሚታሰርበት የብረት ቀለበት ላይ፣ አንድ ቀጭን ሰው እጁ የኋሊት ታስሯል። ኖራ አቃጣዩ ፋራጅ ነበር፣ የሙሮች ሰፈር ሙስሊም።

«ደረስክ» አሉ ዶን ሱዌሮ። «ብዙ አትልፋ። የጠራሁህ ለጽሕፈቱ ነው። ጀርባው ላይ ያለውን እጅ አየኸው?»

ኢልያን በዝግታ ተንበረከከ። አመዳዩን በጣቱ ጫፍ ሲጠርገው፣ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል ነጭ የመዳፍ ምልክት ብቅ አለ።

«ኖራ ነው» አሉ ዶን ሱዌሮ። «ኖራ አቃጣዩም ያውና። ትናንት ከቀትር በኋላ ዶን ቴዮ ኖራው ብላሽ ነው ሲለው፣ ይሄ ሰው ሲመልስለት ድልድይ ሙሉ ሕዝብ ሰምቷል። የቀትር ደወል ሲደወል እዚሁ በር ላይ እንሰቅለዋለን። ንጉሡ ለገና ይገባሉ፤ እስከዚያ የሚጓተት ነገር አልፈልግም።»

«ገና እኮ ሩቅ ነው፣ ጌታዬ። ቀትር ነው የቀረበው።»

«አሽሟጠጥክ?»

«ሰዓቱን ማስላቴ ነው።»

ኢልያን ከመዳፉ ምልክት ላይ ጥቂት በጥፍሩ ፍቆ በጣቶቹ መካከል አሸው። እንደ ዱቄት አልበነነም፤ እንደ ደረቀ ቂጣ ተፈረካከሰ። ፍርፋሪው ውስጥ ቀያይ ቅንጣቶች ነበሩበት። በጨርቅ ጠቀለለው። ከዚያ ሬሳውን በጎኑ አነሣና ሥሩን ዳሰሰ። ድንጋዩ ደረቅ ነበር።

«ሎፔ፣ ማታ አመዳዩ መቼ ወረደ?»

«ራቴን በልቼ ሳበቃ ነው፣ ጌታው። በሮቹ ከሚዘጉበት የማታ ደወል በኋላ፣ አንድ ሻማ ግማሹ እስኪያልቅ ያህል ቆይቶ። መስኮቴ ሲነጣ አይቻለሁ።»

«ይህ ሰው እንግዲህ ከዚያ በፊት ነው የወደቀው።»

ኢልያን ወደ ሬሳው እግር ዞረ። ጫማው በጮማ ታሽቶ ያብረቀርቃል፤ የቀኙ ተረከዝ ጎድጓዳ ግን በደረቀ ነገር ተጠቅጥቋል። በቢላው ጫፍ ፈለቀቀው። የኖራ ጭቃ ነበር፣ ቀያይ ቅንጣት ያለበት። እሱንም ጠቀለለው።

«አሁንስ ልክፈት?» አለ ሎፔ።

«ሬሳውን ወደ ጥግ አሳርፉትና ክፈት። ማታ ድልድዩ ላይ ያደራችሁ ግን አንዳችሁም ወዴትም እንዳትሄዱ።»

ያደሩት ሦስት ብቻ ነበሩ። የድልድዩ ሁለት በሮች፣ የከተማው ወገንም የማዶውም፣ በማታው ደወል ይዘጋሉ፤ ከዚያ በኋላ ድልድዩ ላይ የቀረ ሰው እስኪነጋ እዚያው ነው። ሎፔ በበረኛው ክፍል ያድራል። ፋራጅ ኖራው እርጥበት እንዳይነካው በማማው ሥር ባለው መጋዘን ይተኛል። ሦስተኛው የግንበኞቹ አለቃ አልቫር ነው፤ ማማውን ታክኮ በተሠራው ጎጆ ነው የሚኖረው።

ኢልያን መጀመሪያ ወደ ታሰረው ሰው ሄደ።

«እጅህን አሳየኝ።»

«ወደ ኋላ ዙሩና ይዩት፤ እኔ ማምጣት አልችልም» አለ ፋራጅ።

ዞሮ አየው። የተሰነጣጠቀ፣ እስከ ክርኑ በነጭ ዱቄት የተለወሰ እጅ ነው። ቀይ ነገር አልነበረበትም።

«ትናንት ምን አልከው?»

«ኖራዬ ብላሽ ከሆነ ቅመሰው አልኩት። ኖራ እንደ አፍ አይዋሽም አልኩት። ጌታው፣ ያኔ የደረጃው ቅስት ወድቆ ሁለት ሰው ሲሞት ሃያ ጅራፍ ቀመስኩ። ዛሬ ደግሞ ገመድ መጣ። እዚህ ከተማ ድመት ወጥ ብትደፋ ወደ እኔ ነው የሚመጡት።»

«ማታ የት ነበርክ?»

«መጋዘን ውስጥ ሳስል።»

«ከጭቃው ጋር የሚቀላቀለው ቀይ ነገር ምንድን ነው?»

ፋራጅ ቀና ብሎ ማማውን አየ። «የአለቃ አልቫር ነዋ። ሸክላ ፈጭቶ ለማሸጊያው ይጨምርበታል፣ ውሃ እንዳያስገባ። ልኩን እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው። እዚያው አናቱ ላይ ብቻውን ያቦካዋል። አሥራ ስድስት ዓመት አብሬው ሠርቻለሁ፤ አንድ ቀን ሲያቦካ ቆመህ እይ አላለኝም።»

«አንተስ የግንበኛ ማንካ ትይዛለህ?»

ፋራጅ ያለ ደስታ ሳቀ። «የግንበኞቹን ሕግ አያውቁትም እንዴ? ኖራ አቃጣይ ማንካ ከያዘ ጣቱ ይሰበራል። እኔ ምድጃዬን ነው የማውቀው።»

ወደ ማማው አናት መቶ አሥራ ሁለት ደረጃ ነው። ከታች ያሉት ሠላሳዎቹ አዲስ ናቸው፤ የአሮጌዎቹ ቅስት ባለፈው መጋቢት በረዶው ሲቀልጥ ተናደ። ብላስኮ የሚባል ወጣት ግንበኛና አንድ ድንጋይ ተሸካሚ ሥሩ ቀሩ። ብላስኮ የአልቫር ልጅ ነበር። ሸንጎው መርምሮ ጥፋቱ የኖራው ነው ብሎ ወሰነ።

አልቫር ከላይ ቆሞ ጠበቀው። ስድሳ ዓመት አልፎታል፤ ትከሻው ሰፊ፣ ወሬው ጥቂት ነው። ኢልያንን ከልጅነቱ ያውቀዋል።

«ጉልበትህን ለምን ትገድለዋለህ?» አለው። «ሬሳው ታች ነው።»

«የወደቀው ከላይ ነው፣ አለቃ።»

አናቱ ገና ግማሽ ነበር፤ መከላከያ ግድግዳው አልቆመም። የትናንቱ የድንጋይ ድርድር ዙሪያውን በገለባ ተሸፍኗል። ገለባው ላይ ፍግ ተነስንሷል፣ ፍጉ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ተደርድረዋል፤ የአንዱ ጠርዝ ሌላውን ይዞ፣ ሁሉም ጀርባቸውን ለሰሜን ነፋስ ሰጥተው። አመዳዩ በሁሉም ላይ ሳይነካ ጋግሯል። የጭቃው ገንዳ ታጥቦ ተደፍቷል።

«ገለባውን መቼ አለበሱት?»

«ከደወሉ በፊት ነዋ። ደወሉ ሲደወል ጎጆዬ ውስጥ ሾርባዬን እየጠጣሁ ነበር።»

«ላንሣው?»

አልቫር አመነታ። «ከዚህ በኩል አንሣ። ከነፋሱ ወገን አትክፈተው።» ራሱ ተንበርክኮ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አነሣለት፤ ከሕፃን ላይ ብርድ ልብስ የሚገልጥ ይመስል ነበር።

ከሥሩ ቀላ ያለው ማሸጊያ አልቀዘቀዘም። እንደ አይብ ለስላሳ ነው። ኢልያን አጎንብሶ ዶን ቴዮ ከወደቀበት አቅጣጫ በላይ ያለውን ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር አየው። አንድ ጭረት እንኳ የለበትም።

«ትናንት ድልድዩ ላይ ሌላ እርጥብ ጭቃ ነበር?»

«ይኼው ብቻ። ከቅዱስ ማርቲን በዓል በኋላ ውርጩን ፈርቶ ኖራ የሚያነሣ ግንበኛ የለም፤ በዓሉ ካለፈ አራት ቀን ሆነው። እኔን ግን ሸንጎው አዝዞኛል። በቀን አንድ ድርድር ብቻ እሠራና ሳይመሽ አለብሰዋለሁ። ቴዮ ሁለት ይሁን፣ ገለባውም ጊዜ ይፈጃል ይል ነበር።»

«በቀን እዚህ ወጥቶ ነበር?»

«ቴዮ?» አልቫር ከንፈሩን ጠመዘዘ። «በብርሃን ወጥቶ አያውቅም። ብርሃን ካለ የመሬቱ ርቀት ይታየዋላ።»

ኢልያን ሲወርድ አዲሶቹ ደረጃዎች ላይ ቆም አለ። አልቫር ከኋላው እየወረደ እጁን በግድግዳው ላይ ያስኬዳል። አንድ ቦታ ሲደርስ እጁን አነሣና እንደገና አሳረፈ። ቦታው ምን እንደሆነ ኢልያን አልጠየቀም።

ሎፔ በሩን ከፍቶ ገበያተኛውን እያስገባ ነበር። ኢልያን ወደ ክፍሉ ሳበው።

«አሁን እውነቱን። ማታ ምን ሰማህ?»

«ምንም፣ ጌታው።»

«ሰውዬው ከመስኮትህ ስምንት እርምጃ ላይ ነው የተፈጠፈጠው፣ ሎፔ።»

ሎፔ ቆቡን አውልቆ በእጁ አሻሸ። «ደወሉ አልቆ፣ የከተማው በር ሊዘጋ ሲል ነው ዶን ቴዮ ከከተማው የመጡት። ሰላም እንኳ አላሉኝም። ወዲያው ደረጃውን ወጡ። ትንሽ ቆይቶ... አንድ ነገር ዱብ አለ። ከረጢት መስሎኝ።»

«ወጥተህ አላየህም?»

«በርዶኝ ነበር።» ዓይኑን ሰበረ። «በኋላ ከተማው በር አንኳኩተው የገቡ መሰለኝ።»

«ፋራጅስ?»

«ሲያስል ነበር። ያ ነገር ዱብ ሲል፣ ከዚያም በፊት፣ ከዚያም በኋላ። ሌሊቱን ሙሉ ነው የሚያስለው፤ ቢያቆም ኖሮ ነው የምነቃው።»

«ይህን ለዶን ሱዌሮ ነገርካቸው?»

«አልጠየቁኝም። ደግሞ ብናገር እኔ ሰምቼ እንዳልወጣሁ ይታወቅብኛል።»

«እና ሰው ይሰቀል?»

 ከውጭ በቅሎ ነጂ ሎፔን ሲጠራው ደስ ብሎት ሮጠ።

ረፋዱ ላይ የሟቹ ሚስት ዶኛ ሜንሲያ መገነዣ አንሶላ ይዛ መጣች። አላለቀሰችም። ባሏን ከራሱ እስከ እግሩ አየችውና ዓይኗ ጫማው ላይ ቀረ።

«ተረከዙን ማን እንዲህ አደረገው?» አለች።

«ምኑን፣ እመቤቴ?»

«ቆሽሿል። ትናንት እኮ ጠርጌዋለሁ። ደወሉ ሲጀምር እግሩን በርጩማ ላይ ሰቀለልኝ፤ ደወሉ ሲያልቅ ጮማ ቀብቼ ጨረስኩ።»

«ተረከዙንም?»

«ሶሉንም ተረከዙንም። አንዲት ነጥብ ከቀረች ከእንደገና ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ነው የኖርኩት።» አንሶላውን ዘረጋች። «ከቤት እስከ እዚህ ደረቅ ድንጋይ ነው። ጭቃ ከየት አመጣ?»

«እሱን ነው እኔም የምፈልገው።»

«ሲያገኙት አይንገሩኝ» አለችው። «ያ ድሃ ሰው ግን ስለ እኔ ባል እንዳይሰቀል።»

ቀትር ሊሆን ሲል ሁሉም በማማው ሥር ተሰበሰቡ። ገመዱ ከበሩ በላይ ባለው ግንድ ላይ ተወርውሯል። ፋራጅ እንደታሰረ ነው፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አይሰማም። አልቫር ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ሎፔ የበሩን መወርወሪያ ታቅፏል። ዶኛ ሜንሲያ ከተገነዘው ሬሳ አጠገብ ተቀምጣለች። ሁለት የከተማው ዘበኞች ከዶን ሱዌሮ ኋላ ነበሩ።

«አጭር አድርገው» አሉ ዶን ሱዌሮ።

«እንደሚቻለኝ።» ኢልያን ጨርቁን ፈታ። «ይህ ከጀርባው ላይ ካለው የመዳፍ ምልክት የወሰድኩት ነው። የኖራ ዱቄት አይደለም። አሸዋ አለው፣ የተፈጨ ሸክላ አለው። የደረቀ ጭቃ ነው። የፋራጅን እጅ እዩ፤ ዱቄት ብቻ ነው። እጁ ይህን ጭቃ ነክቶ አያውቅም።»

«እጁን ይታጠባላ።»

«ሸክላውን አጥቦ ኖራውን አስቀረ? ይሁን እሺ። ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ይኼኛው ከሟቹ ተረከዝ የወጣ ነው። ያው ቀይ ጭቃ። እመቤቴ ተረከዙን በደወሉ ሰዓት ነው ያጸዱት። ስለዚህ ዶን ቴዮ ጭቃውን የረገጠው ከደወሉ በኋላ ነው። ትናንት ድልድዩ ላይ እርጥብ ጭቃ የነበረው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ የማማው አናት። የነገሩኝ አለቃ አልቫር ናቸው። ገንዳው ታጥቦ ተደፍቷል፤ አይቼዋለሁ።»

«አናቱ ላይ መውጣቱን ማን ካደ?» አሉ ዶን ሱዌሮ።

«ማንም። ተረከዙ እስኪጠቀጠቅ ድረስ ጭቃው ውስጥ ገብቷል። ሚዛኑን ስቶ ሲንሸራተት ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ የማማው ጠርዝ መታረስ ነበረበት፤ ጉድጓድ፣ ቢያንስ ጭረት። እኔ ዛሬ ጠዋት ገለባውን አስነሥቼ ከዳር እስከ ዳር አየሁት። እንደ አይብ ለስላሳ ነው።»

 ሎፔ መወርወሪያውን ከአንዱ ክንዱ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ስለዚህ አንድ ሰው አስተካክሎታል» አለ ኢልያን። «ዶን ቴዮ ከወደቀ በኋላ፣ በድንግዝግዝ ብርሃን፣ የት ጋ እንደተጎዳ በጣት እንኳ እስከማይለይ ድረስ አስተካክሎታል። ከዚያ ገለባ አልብሶ፣ ፍግ ነስንሶ፣ ድንጋዮቹን ለነፋሱ አዙሮ ደርድሯል። አመዳዩ ድንጋዮቹ ላይ ሳይነካ ነበር፤ ሁሉም ያለቀው ውርጩ ሳይወርድ ነው። በዚያ ሰዓት ድልድዩ ላይ ከሟቹ ሌላ ሦስት ሰው ነበር። ሎፔ ዕድሜውን ሙሉ ማንካ አልያዘም። ፋራጅ መያዝ አይፈቀድለትም፤ ደግሞም ያ ነገር ዱብ ሲል ከመጋዘኑ ውስጥ ሲያስል ተሰምቷል።»

«ማን ሰማው?»

«እኔ» አለ ሎፔ፣ ወደ መሬት እያየ።

«ሳል ምስክር ይሆናል እንዴ?»

«ሳሉን ይተዉት» አለ ኢልያን። «እኔ ሌላ ነገር ነው የምጠይቃችሁ። ሰው የገደለ ሰው ይሸሻል፣ ወይም ይደበቃል፣ ወይም ይጮሃል። ጉልበቱን አጥፎ የተረገጠ ግንብ የሚያክመው ማን ነው? ጭረቱን ቢተወው እኮ ለእሱ ይሻለው ነበር፤ አዳልጦት ወደቀ እንል ነበር። መትረፊያውን በገዛ እጁ አጠፋው። አለቃ፣ ከደወሉ በፊት አለበስኩት ብለውኛል። ዶን ቴዮ ከደወሉ በኋላ የረገጠው ጭቃ ታዲያ እንዴት ገለባ ሥር ሆነ?»

አልቫር ከግድግዳው ላይ ጀርባውን አነሣ። 

«ውርጭ እየመጣ ነበር» አለ።

«ለዚህ ነው?»

«ለሌላ ለምን ይሆናል? ጠርዙ ታርሶ ነበር። እንደዚያ ባድር ውሃ ይገባዋል፣ ይቀዘቅዛል፣ መጋቢት ላይ ይሰነጠቃል። ከሥሩ ደግሞ የሰው ልጅ ያልፋል።» ወደ ዶን ሱዌሮ ዞረ። «እርስዎና ቴዮ አምና በውርጩ ወራት ሥራ አታቁም አላችሁኝ። አይሆንም አልኩ፤ ከዚያ ሠራሁት። በውርጭ ያን ቅስት የደረደረው ይኼ እጅ ነው። ኖራው ደህና ነበር። ለሸንጎው ስነግር ዝም በል አላችሁኝ፤ ዝም አልኩ። ትናንት ማታ ገና እያለበስኩ ሳለሁ መጥቶ ገለባውን በእግሩ በተነው። ከነገ ጀምሮ ሁለት ድርድር፣ ልጅህ የሞተው በኖራ ነው እንጂ በብርድ አይደለም አለኝ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር። ጭቃ እንደያዘ እጄን ጀርባው ላይ አሳረፍኩ።»

«ለመያዝ ይሆናል» አለ ኢልያን፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እኔም ሌሊቱን ሙሉ ለራሴ እንደሱ ስል አደርኩ። አትጻፈው።»

ፋራጅ ከቀለበቱ ላይ ሆኖ ተናገረ። «አልቫር። ከንጋት ጀምሮ እዚህ ነኝ። ሦስት ጊዜ በአጠገቤ አልፈሃል።»

«አራት ጊዜ» አለ አልቫር።

«ገመዱን ሲወረውሩት አይተሃል።»

«አይቻለሁ። አናቱን ጨርሼ እናገራለሁ ብዬ ነበር።»

«አናቱ እኮ የሚያልቀው ለፋሲካ ነው።»

አልቫር አንገቱን ነቀነቀ፤ አዎ ለማለት ነበር።  ዘበኞቹ ሲይዙት እጁን ራሱ አቀረበላቸው። ወደ ከተማው ወገን ሲወስዱት ገበያተኛው መንገድ ለቀቀለት፤ ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ እስከ በሩ ድረስ ተከተለው። የቀትር ደወል የተደወለው በዚህ መካከል ነው።

ኢልያን በሎፔ ጠረጴዛ ላይ ብራናውን ዘርግቶ ጻፈ። ጽፎ ሲያበቃ ዶን ሱዌሮ ከትከሻው በላይ ሆነው አነበቡ።

«ይህ ምንድን ነው? ‹በሸንጎው ትእዛዝ በውርጭ ወራት ስለተሠራው ቅስት›?»

«አለቃው የተናገረው ነው። ምክንያቱ ነው።»

«ትእዛዙ የተጻፈበት ወረቀት አለ?»

«እርስዎ ያውቃሉ እንጂ፣ ጌታዬ።»

«የለም። እኔ የላኩህ ትናንት ማታ ለተደረገው ነው። አምና ለተደረገው ሸንጎው ፈርዷል።» ዶን ሱዌሮ ካባቸውን አስተካከሉ። «ሦስቱን መስመር ፋቀው። ነገ ከጎረቤት ከተማ ሌላ አለቃ ይመጣል፤ በቀን ሁለት ድርድር ይሠራል። ዳኛው ደግሞ ከአልጋ የሚነሡ አይመስለኝም። ቦታቸው ሲለቀቅ ሸንጎው የሚያስታውሰው ሰው ይኖራል።»

«ኖራ አቃጣዩስ? ሃያው ጅራፍ?»

«ምን ልሁንለት? ጅራፉን ልውሰድለት? ይፈታ።»

 ዶን ሱዌሮ አልቸኮሉም፤ እጃቸውን በሎፔ ምድጃ ላይ እያሞቁ ጠበቁ። በመጨረሻ ኢልያን ቢላውን አወጣ። የጠዋቱ ቀይ ጭቃ አሁንም ጫፉ ላይ ነበር፤ በካባው ጠርዝ ጠረገውና መፋቅ ጀመረ። ቀለሙ ገና አልደረቀምና በቀላሉ ተነሣ። የመጀመሪያውን መስመር ፋቀ፤ ሁለተኛውን ፋቀ። በመስኮቱ በኩል የፋራጅን ገመድ ሎፔ ሲቆርጠው ታየው። 

ፋራጅ አንጓዎቹን ጥቂት አሻሸ። ወደ መጋዘኑ ገብቶ ወንፊቱንና አንድ ጥቅልል ይዞ ወጣ። የማዶው በር ላይ የበርሜል ጭነቷ ከመቃኑ ጋር የተያያዘባት በቅሎ ቆማለች። ነጂው ከኋላ ይገፋል፣ ሎፔ ልጓሟን ይዞ ይጎትታል፣ ከኋላ ያሉት ይሳደባሉ።

«ወደ ግራ፣ ወደ ግራ በላት።»

«ግራዋን የት አውቃ።»

«አንተስ ታውቃለህ?»

ኢልያን ሦስተኛውን መስመር ፍቆ ሲጨርስ የብራናውን ፍቅፋቂ እፍ አለው። በቅሎዋ ወደ ግራ ስታዘነብል በቀኝ በኩል ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት ተፈጠረ። ፋራጅ ወንፊቱን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ በዚያ በኩል አልፎ ወጣ።